ስለ ሪኮመንዴሽን ሌተር ጠይቁኝ

ደብረ ብርሃን አስተምራለሁ። ለብዙ ተማሪዎቼ ይህን ደብዳቤ፣ ማለትም ያስተማረ ሰው ስለ ተማሪው የሚመሰክርበትን፣ ጽፌያለሁ። አገር ውስጥ በ12ኛ ክፍል ውጤት ስለምትመደቡ ነገሩ አዲስ ይሆንባችኋል። ውጭ ስታመለክቱ ግን ይጠየቃል።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ መምህር፣ ርዕሰ መምህሩ በቅርብ አያውቁኝም፤ ማዕረጋቸው ግን ይከብዳል። እሳቸው ይጻፉልኝ ወይስ የፊዚክስ መምህሬ?

መልስ፦ የፊዚክስ መምህርሽ፣ እህቴ። ርዕሰ መምህሩ «ጎበዝና ጨዋ ናት» ከማለት ሌላ ምን ይላሉ? መምህርሽ ግን አንድ ጥያቄ አልፈታ ሲልሽ በማግስቱ በሌላ መንገድ ሠርተሽ መምጣትሽን ያስታውሳሉ። አንባቢው የሚፈልገው ይህን ነው። በኮመን አፕ (በአንድ ቅጽ ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በኢንተርኔት የሚመለከትበት) ወደ አሜሪካ ካመለከትሽ ግን ትምህርት ቤቱም ለብቻው ደብዳቤ ስለሚጠየቅ ርዕሰ መምህሩን ለዚያ ጠይቂያቸው።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ መምህሬ «አንተው ጽፈህ አምጣ፣ እፈርምልሃለሁ» አሉኝ።

መልስ፦ ይህ በየቦታው አለ፤ እኔንም በጣም ያሳስበኛል። አትጻፈው፣ ወንድሜ። የሁለት መምህራን ደብዳቤ በአንድ እጅ ሲጻፍ አነጋገሩ ይመሳሰላል፤ ከተነቃብህ ማመልከቻህ ይበላሻል። ደግሞም መምህሩ ያዩብህን አንተ አታውቀውም። መምህራን ክፉ ሆነው አይደለም፤ የሚታረም ክምር አለባቸው። ስለዚህ ሥራውን አቅልልላቸው። በአንድ ገጽ ውጤትህን፣ በእሳቸው ክፍል የሠራኸውን፣ ትምህርቱን ለምን እንደመረጥክ፣ ቀነ ገደቡንም ጽፈህ ስጣቸው። «መምህር፣ ማስታወሻ አምጥቼልዎታለሁ፤ ደብዳቤውን ግን በእርስዎ ቃል ቢጽፉልኝ» በላቸው። እንግሊዝኛው ካሳሰባቸው ቀላል ቋንቋ እንደሚበቃ ንገራቸው። ከዚህ ወዲያም እምቢ ካሉ ሌላ መምህር ፈልግ።

ጥያቄ (ከዓለም ከተማ)፦ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ሰጥተውኛል። ስካን አድርጌ ልላከው?

መልስ፦ መመሪያውን አንብቢ። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ደብዳቤው የሚገባበትን ሊንክ ወደ መምህሩ ኢሜይል ይልካሉ፤ የሚያስገቡትም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ በትክክል የሚከፍቱትን ኢሜይል ጠይቂ። የግቢ መምህር ከሆኑ የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ይሻላል። ሊንኩ ሲላክ ደውለሽ ስፓም ውስጥም እንዲያዩ አስታውሺያቸው። በመምህሩ ስም ኢሜይል ከፍቶ ደብዳቤውን በራስ እጅ ማስገባት ግን ማጭበርበር ነው። እባካችሁ፣ ማንም ቢመክራችሁ አታድርጉት።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤስ?

መልስ፦ አይተካውም። ስለ ትምህርትህ የሚመሰክረው ያስተማረህ ሰው ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ከተመረቅሁ 4 ዓመቴ ነው። ለማስተርስ ሦስት ደብዳቤ ተጠየቅሁ። መምህራኖቼ ይረሱኝ ይሆን?

መልስ፦ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ይዘሽ አድቫይዘርሽ ዘንድ በአካል ሂጂ። ጽሑፉን ሲያገላብጡ ያስታውሱሻል። ዩኒቨርሲቲው ከፈቀደ አንዱን የሥራ አለቃሽ ይጻፉልሽ። ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብለሽ ጠይቂ፤ የፈተና እርማት ሰሞን ግን አትሂጂባቸው።