ጠዋት ጠዋት አልነሳ የሚል አሮጌ ሞተር፦ ጥያቄና መልስ

ሱሉልታ ውስጥ ሞተር ሳይክል ስጠግን ዓመታት ተቆጥረዋል። ኅዳር ገብቶ ውርጩ ሜዳውን ሲያነጣው፣ እየተገፋ ደጄ የሚደርስ ሞተር ይበዛል። ማታ በሰላም የቆመ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እግር እስኪዝል ቢረገጥ አልነሳ ያለ። በዚህ ሰሞን የጠየቃችሁኝን እዚሁ ልመልስ። አብዛኞቻችሁ «ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ይቀየር?» ነው የምትሉት። እኔ ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚሰጠውን) ሳላይ ስለ ካርቡሬተር አላወራም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቦክሰር ነው የምነዳው፣ ቡራዩ ነኝ። ጠዋት ቾክ ስቤ፣ ነዳጅ እየሰጠሁ 20 ጊዜ እረግጣለሁ፤ ንቅንቅ አይልም።

መልስ፦ ጥፋቱ ከእጅህ ሳይሆን አይቀርም። የሚቃጠለው የቤንዚኑ ትነት ነው፤ ቤንዚን ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንደልብ አይተንም። ስለዚህ ጠዋት ከወትሮው የበዛ ቤንዚን ያስፈልጋል፣ ቾክ የተሠራውም ለዚህ ነው። ብዙ ካርቡሬተር ላይ ቾኩ ተጨማሪውን ቤንዚን የሚስበው ሞተሩ ሲዞር በሚፈጥረው መምጠጥ ነው። የነዳጅ መስጫ እጀታውን ከጠመዘዝክ አየሩ በሰፊው በር ይገባና መምጠጡ ይደክማል። በአንድ እጅህ የሰጠኸውን በሌላው ነጠቅከው ማለት ነው። ቾክ ሳብ፣ እጀታውን አትንካ፣ ቁልፉን ሳትከፍት 2 ወይም 3 ጊዜ ቀስ ብለህ እርገጥ። ከዚያ ቁልፉን ክፈትና በሙሉ ጉልበት ምታው። 20 ጊዜ ከረገጥክ በኋላ ግን ካንዴላው በቤንዚን ርሷል። ቾኩን መልስ፣ እጀታውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘህ ጥቂት ጊዜ እርገጥ። እምቢ ካለ ካንዴላውን ፈትተህ አድርቀው።

ጥያቄ፦ የኔ ይነሳል፣ ግን ቾኩን ስመልስ ወዲያው ይጠፋል። ከሞቀ በኋላም ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት በዝግታ መዞር) አይዝም።

መልስ፦ ይህኛው እውነትም ካርቡሬተር ነው፤ ቢሆንም አይቀየርም፣ ይታጠባል። ለሚኒሞ ቤንዚን የምታሳልፈው የነሐስ ቀዳዳ ከመርፌ የቀጠነች ናት፤ ትንሽ ዝቃጭ ይዘጋታል። በኮምፕረሰር አየር አስነፋት። በብረት ሽቦ የሚጎረጉር ካየህ ሞተርህን ይዘህ ውጣ፤ ቀዳዳዋ ከሰፋች ዕድሜ ልኳን ቤንዚን ስታባክን ትኖራለች።

ጥያቄ፦ ሞተሬን ከድሬዳዋ ገዝቼ ነው ያመጣሁት። እዚያ በአንድ ምት ይነሳ ነበር። ሱሉልታ ከገባ ወዲህ ጠዋት ያስቸግራል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ነው።

መልስ፦ ሞተርህ አልተበላሸም፣ አገር ነው የቀየረው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ እኛ ወደ 2,700 ሜትር ላይ ነን። የአየሩ ግፊት ከድሬዳዋው በስድስተኛ ያህል ያንሳል። ቤንዚኑ ግን በድሮው ቀዳዳ ይፈሳል፣ ስለዚህ ለአየሩ ይበዛበታል። መጀመሪያ ዴፕራተሩን (የአየር ማጣሪያውን) አጽዳ፤ አቧራ የጠገበ ዴፕራተር ችግሩን እጥፍ ያደርገዋል። ከዚያ የቤንዚንና የአየር ማመጣጠኛዋን ብሎን አስተካክል፣ ካልበቃ በአንድ ቁጥር ያነሰ የቤንዚን ቀዳዳ ይገጠምለት። ቾኩንም እንደተነሳ ቶሎ መልሰው። እዚህ ብርዱ ቾክ ይጠይቃል፣ ከፍታው ደግሞ ይከለክላል፤ ሁለቱን ማስታረቅ የነጂው ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ሰንዳፋ ነኝ፣ በጡረታ ላይ። ከመሥሪያ ቤት ጨረታ ያማሃ ኤጂ 100 ገዛሁ። ቫልቩን አስተካክል ይሉኛል።

መልስ፦ አባቴ፣ የእርስዎ ሞተር ቱ ስትሮክ ነው፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥል፤ እንደ ቦክሰር የሚስተካከል ቫልቭ (የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ ክዳን) የለውም። ይህን ያለዎት ሰው ጋ ሁለተኛ አይሂዱ። በዘይት የረሰረሰ ካንዴላ ነው የዚህ ዓይነት ሞተር የዘወትር ሕመም። ትርፍ ካንዴላ ኪስዎ ይያዙ።

ጥያቄ፦ ቁልቁለት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ገፍቼ ስለቀው ወዲያው ይነሳል። በእግር ግን ወይ ፍንክች። ለምን?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ፤ እኔንም ገንዘብ ያስከፈለኝ ይኸው ነው። ሲገፋ ሞተሩ ከእግርህ ይልቅ በፍጥነት ይዞራል፤ ስለዚህ የደከመ እሳትም የደከመ ኮምፕሬሽንም (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት ኃይል) ይሸፈናል። እሳቱን እይ፦ ካንዴላውን ፈትተህ ቆቡ ላይ መልሰህ ሰካ፣ ብረቱን ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ አስነካ፣ ካንዴላው ከወጣበት ቀዳዳ ራቅ አድርገህ፣ ላስቲክ እጀታ ባለው ፒንሳ ይዘህ እርገጥ። ሰማያዊና ወፍራም ከሆነ ደህና ነው፤ ቀጭንና ቢጫ ከሆነ ካንዴላውን፣ ቆቡን፣ ቦቢናውን (ለካንዴላው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) በተራ እይ። በርካሹ ጀምር።

እሳቱ ደህና ከሆነ ኮምፕሬሽን ነው። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት አፍስስና ርገጠው። ከከበደህ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፤ ለውጥ ከሌለ ቫልቩ ነው። የኔ አሮጌ ሞተር እንዲህ ሲያደርገኝ አንድ ጋራዥ ቦቢና አስቀየሩኝ፣ ቀጥሎ ካርቡሬተር። በመጨረሻ ሳየው በጭስ ቫልቩና በሚገፋው ብረት መሃል ሊኖር የሚገባው ክፍተት ጭራሽ ጠፍቷል፤ ስለማይዘጋ ኮምፕሬሽኑ ይሾልካል። ማስተካከሉ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ክፍተቱ ግን የሚለካው ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቀዝቃዛ እንዳለ ነው። ስለዚህ ሞተሩን ማታ መካኒኩ ጋ አሳድረው፤ አስነስተህ ነድተህ ከሄድክ ልኩ ይዛባል።

ጥያቄ፦ ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውን እገዛለሁ። ይጎዳል?

መልስ፦ ላምባ ወይም ውኃ የተቀላቀለበት ከሆነ፣ አዎ። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን አላልተህ ጥቂት ብርጭቆ ላይ አውርድና ይርጋ። ውኃ ካለው ከሥር ኳስ ኳስ ሠርቶ ይተኛል።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ከሞተሩ ሥር የከሰል ምድጃ አስቀምጦ ያሞቀዋል...

መልስ፦ ቤንዚን ከሚያንጠባጥብ ካርቡሬተር ሥር ፍም? ዛሬውኑ አስቁመው። የምትተኙበት ክፍል ውስጥ አስነስታችሁ የምታሞቁም እንዲሁ። ጭሱ ሽታው ሳያስጠነቅቅ ይገድላል፤ አውጥታችሁ አስነሱ።

ጥያቄ፦ ሌሊት ብርድ ልብስ ባለብሰውስ?

መልስ፦ ሙቀቱ እስኪነጋ አይቆይም። ጤዛ የማያስገባ ሸራ ግን ይጠቅማል፤ የተሰነጠቀ የካንዴላ ገመድ ሲረጥብ እሳቱን ወደ ብረቱ ያፈሰዋል። መጠርጠርህን ማረጋገጥ ከፈለግህ ገና ሳይነጋ፣ መብራት አጥፍተህ አንድ ሰው ይርገጥልህ። ገመዱ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ስትሮጥ ታያታለህ።