ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ሲጎረምስ

እህቴ፣ «በሰባት ወር የወለድኳት ልጄ 14 ዓመቷ ነው፤ ሁሉን ትፈራለች፣ ጓደኛም የላትም፤ ከአወላለዷ ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። የኔም ልጅ በ31 ሳምንቱ ነው የተወለደው። አሁን አሥረኛ ክፍል ነው። ፍኖተ ሰላም ነው የምንኖረው።

አዎ፣ ሊሆን ይችላል። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሁሉ ይቸገራል ማለት ግን አይደለም፤ አብዛኞቹ ደህና ናቸው። ከ32 ሳምንት በፊት የመጡት ላይ ግን ጭንቀት፣ ሐሳብ አለመሰብሰብና ከእኩያ ጋር አለመግባባት በዛ ብሎ ይታያል። የመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት አንጎል በጣም የሚያድግባቸው ናቸው። ያንን ጊዜ በመርፌና በቱቦ መሀል ማሳለፍ ቀላል አይደለም።

ክፋቱ፣ እነዚህ ልጆች ብዙዎቹ አይረብሹም። አይማቱም፣ ከክፍል አይፎርፉም። ስለዚህ ማንም ልብ አይላቸውም። መምህሩ «ልጅሽ ጨዋ ነው» ይሉኝ ነበር። ጨዋው ልጅ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲደርስ ሌሊት ሆዱን ይዞ ቁጭ ይላል። ጤና ጣቢያ ቢመረመር ምንም የለበትም። ጭንቀት ነበር።

እኔን የሚያናድደኝ ደግሞ የዘመድ አፍ ነው። ቡና ላይ «ያ በጥጥ የተጠቀለለው ይሄ ነው? ሰው ሆነ እኮ!» ይላሉ። ልጁ አቀርቅሮ ይወጣል። አሁን ገና ሲጀምሩ ወሬ አስቀይራለሁ። ታሪኩን ግን እኔው ነግሬዋለሁ፤ ደረቴ ላይ ለጥፌ እንዳሞቅኩት፣ መጥባት ሲያቅተው ጡቴን አልቤ በሲኒ እንዳጠጣሁት። በነገራችን ላይ ይህ ደረት ላይ የማቀፍ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1978 በቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ነው የተጀመረው። እዚያ በእቅፍ ያደጉት 20 ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ሲጠኑ፣ ቁጣና ቅብጥብጥነት ያነሰባቸው ሆነው ተገኝተዋል።

እኛን በጣም የጠቀመን ብቻውን መላክ ነው። መጀመሪያ ወፍጮ ቤት ሂድ ስለው በር ላይ ቆሞ «አብረሽኝ ነይ» ይል ነበር። አሁን ዱቄቱ ጎደለ ብሎ ከባለ ወፍጮው ጋር ይከራከራል! መምህሩንም አናግሬ ፊት ወንበር አስቀመጡት። ዓይኗንም አስመርምሪያት፤ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ላይ የማየት ችግር በዛ ይላል።

እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለች፣ ወይ ስለ ሞት ካወራች ግን አትጠብቂ። ጸበሉም ይሁን፣ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ግን ውሰጃት። በስንት ሳምንቷ እንደተወለደች የሚል ወረቀት ካለሽ ያዥው።

ለመሆኑ የት አካባቢ ነሽ? ለፍኖተ ሰላም ቅርብ ከሆንሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።