ሜዲኬር ይከፍላል፤ የሌንሱን ወረቀት ግን ቶሎ አትፈርሚ

እህቴ፣ ጥያቄሽ እኛ ቤት የደረሰውን ሁሉ አስታወሰኝ። እናትሽ ሜዲኬር ፓርት ቢ (የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ የሐኪም ሕክምናን የሚሸፍነው ክፍል) አላቸው፣ ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል ብሏል፣ ክሊኒኩ ደግሞ ለሌንስ 4,800 ዶላር ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ አለ። «ኢንሹራንሱ አይሸፍንም ማለት ነው? አገር ቤት ወስጄ ላሳክማት?» ብለሻል። ይሸፍናል። የተጠየቃችሁት ገንዘብ የቀዶ ሕክምናው ዋጋ አይደለም፤ እመለስበታለሁ። በፊት ግን እኛን ስምንት ወር ያስከፈለንን ስህተት ልንገርሽ።

እማዬን መጀመሪያ ስወስዳት ያስተረጎምኩት እኔው ነበርኩ። ሐኪሙ «ማየት ያስቸግርሻል?» ሲላት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለች። እኔም ያንኑ ተረጎምኩ። ሞራውን አይቶታል፤ ግን ካላስቸገራት እንጠብቅ ብሎ ሸኘን። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ሜዲኬር የሚከፍለው ሞራ ስለተገኘ ብቻ ሳይሆን፣ ሞራው የዕለት ኑሮን እያደናቀፈ መሆኑ ፋይል ላይ ሲሰፍር ነው። እናቶቻችን ደግሞ ለማያውቁት ሰው «አላይም» ማለት ይከብዳቸዋል፤ ልጃቸውን ወጪ ውስጥ የሚከቱ ይመስላቸዋል።

ከዚያ አንድ ጠዋት መስኮቱ ሥር የጸሎት መጽሐፏን ዘርግታ ተቀምጣ አገኘኋት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቡናዬን ጠጥቼ ስነሳም ያው ገጽ ላይ ናት። ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ የምትደግመውና የተገለጠው ገጽ አይገናኙም፤ በቃሏ ነበር የምትጸልየው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላት «ከፋሲካ ወዲህ ፊደሉ ጭጋግ ሆነብኝ» አለች። ወሩ ኅዳር ነበር። አብሬያት እየኖርኩ አላየሁም፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለሁለተኛው ቀጠሮ አስቀድሜ ደውዬ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠየቅሁ። ለታካሚ በነጻ ነው፤ እኛም አልከፈልንም። በስልክ የገባው ሰው እያንዳንዱን ጥያቄ ረጋ ብሎ ሲጠይቃት ሁሉን ዘረገፈችው። ፊደሉን፣ የደረጃው ጠርዝ እንደማይለይላት፣ ማታ የመኪና መብራት እንደሚበተንባት፣ ቡና ስትቆላ መድረሱን የምታውቀው በጠረኑ ብቻ እንደሆነ ተናገረች። ሐኪሙ ቃል በቃል ጻፈው፤ የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮም በዚያው ቀን ተያዘ። እናትሽም ምን ማድረግ እንዳቃታቸው ቤት ውስጥ አብራችሁ ቁጠሩና ይዘሽ ሂጂ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ፓርት ቢ መጀመሪያ የዓመቱን ዲዳክተብል፣ ማለትም መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚከፈለውን፣ ያስከፍላል፤ እማዬ በተሠራችበት በ2024 240 ዶላር፣ በ2025 ደግሞ 257 ነበር። ከዚያ በኋላ ሜዲኬር ካጸደቀው ዋጋ 80 በመቶውን እሱ ይከፍላል፣ 20 በመቶው የእናንተ ነው። ቢሉ በሦስት ፖስታ ሊመጣ ይችላል፦ የሐኪሙ፣ የቀዶ ሕክምና ቦታውና የማደንዘዣው። እኛ ሁለቴ ያስከፈሉን መስሎን ደንግጠን ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 90 ቀናት ያሉት መደበኛ ክትትሎች በሐኪሙ ሂሳብ ውስጥ ተጠቃለዋል። የሚሠሩበትንም ቦታ ጠይቂ፤ ራሱን የቻለ የቀዶ ሕክምና ማዕከል አብዛኛውን ጊዜ ከሆስፒታል ይረክሳል፣ 20 በመቶውም አብሮ ያንሳል። የተለመደው የሞራ ቀዶ ሕክምና ኮድ 66984 ነው፤ ይህን ቁጥር ይዘሽ ሜዲኬር ራሱ ኢንተርኔት ላይ ባስቀመጠው የዋጋ ማነጻጸሪያ ማየት ትችያለሽ።

የእናንተ 4,800 ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ሞራው ሲወጣ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። ሜዲኬር የሚከፍለው መደበኛውን፣ አንድ ርቀት ላይ የሚያተኩረውን ነው። የቅርብም የሩቅም ያሳያል የሚባለው፣ ወይም አስቲግማቲዝም የሚባለውን የዓይን የፊት ሽፋን ቅርጽ መዛባት የሚያስተካክለው ሌንስ ተጨማሪ ዋጋ አለው፤ ያንን ተጨማሪ ሜዲኬር አይነካውም። እኛንም አንዲት ሠራተኛ ታብሌት አቅርባ ፈርሙ አለችን። ጣቴን ልዘረጋ ስል እማዬ «ምን ይላል?» አለችኝ። ያኔ ነው ቆም ብዬ «ሜዲኬር የሚከፍለውን ብቻ ብትወስድ ምን ይቀርባታል?» ብዬ የጠየቅሁት። መልሱ «ለማንበብ መነጽር ያስፈልጋታል» የሚል ነበር። እማዬ ሃያ ዓመት ሙሉ በመነጽር ስታነብ የኖረች ሴት ናት! አልፈረምንም። ገንዘቡ ያለውና መነጽር የሚጠላ ሰው ቢገዛ አልቃወምም፤ የእናትሽ ዓይን መዛባቱ ከባድ ከሆነም ሠራተኛዋን ሳይሆን ሐኪሙን ጠይቂ። ግን በዚህ ገንዘብ ምክንያት አንድም እናት ጨለማ ውስጥ መቆየት የለባትም። በሌዘር እንሥራው ካሏችሁም፣ ሜዲኬር ለሌዘርም ለምላጭም የሚከፍለው እኩል ነው፤ መደበኛውን ሌንስ ለወሰደ ሰው ሌዘር ስለተጠቀሙ ብቻ ተጨማሪ ማስከፈል አይፈቀድላቸውም።

ከቀዶ ሕክምናው በማግስቱ የዓይኗ መሸፈኛ ሲነሳ ነጠላዋን አነሳችና ጥበቡን ወደ መስኮቱ አዞረችው። «ይሄ ሰማያዊ ነው እንዴ? አረንጓዴ ነው ብዬ ነበር እኮ የለበስኩት» አለች። ያ በመደበኛው ሌንስ ነው።

መነጽር ላይ እኛ ከስረናል፤ እናንተ አትክሰሩ። ሜዲኬር በተለምዶ መነጽር አይገዛም፤ ሌንስ ከገባበት የሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ግን ባለ መደበኛ ፍሬም አንድ መነጽር ይሸፍናል። ሻጩ ሜዲኬር ዘንድ የተመዘገበ መሆን አለበት። እኛ ሰፈራችን ካለ ሱቅ ሳንጠይቅ ገዝተን ሙሉውን ከፈልን። ሁለቱም ዓይን እስኪሠራ ብትጠብቁ ደግሞ የመነጽሩ ቁጥር ይረጋል።

የእናትሽ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ስቴቱ ጋ ኪው ኤም ቢ ለሚባለው እርዳታ አመልክቱ። የወሩን የፓርት ቢ ክፍያም፣ ዲዳክተብሉንም፣ 20 በመቶውንም እሱ ይሸፍናል፤ ሜዲኬር የሚቀበል ሐኪም ይህን ሂሳብ ከእሳቸው መጠየቅ ሕግ ይከለክለዋል። የዓይን ጠብታዎቹ የመድኃኒት ሽፋን በሆነው በፓርት ዲ ስለሚሄዱ፣ ለመድኃኒት ወጪ የሚረዳው ኤክስትራ ሄልፕም አብሮ ይመጣል። በየስቴቱ ሺፕ የሚባል ነጻ የሜዲኬር ምክር ቢሮ አለ፤ በ1-800-633-4227 ደውለሽ አማርኛ አስተርጓሚ ከጠየቅሽም የእናንተን ስቴት ስልክ ይሰጡሻል።

አገር ቤት ያልሽውን አስቢበት። እጁ የሚያኮራ ሐኪም እዚያም አለ፤ ግን ሜዲኬር እዚያ ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና አይከፍልም። ክትትሉም በማግስቱና በሳምንታት ውስጥ ስለሆነ ከሠራቸው ሐኪም ርቀው አውሮፕላን መሳፈራቸው ያሳስበኛል።

አንድ ነገር ግን ከጽሑፍሽ አልገባኝም። ካርዳቸው ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ የሆነው የመንግሥቱ ነው ወይስ የግል ኩባንያ ስም ያለበት? የኩባንያ ከሆነ ሜዲኬር አድቫንቴጅ ነው፤ ሐኪሙ በእነሱ ኔትወርክ፣ ማለትም ውል በገቡላቸው ሐኪሞች ዝርዝር ውስጥ መሆን ይኖርበታል፣ ቅድመ ፈቃድም ሊጠይቁ ይችላሉ፣ የምትከፍሉትም እኔ ከነገርኩሽ ይለያል። ካርዱን አይተሽ ጻፊልኝ፤ የካርዱን ቁጥር ግን እዚህ አትለጥፊ።