በኮሚኒቲ ኮሌጅ ነርሲንግ ለመግባት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

«ነርሲንግ መማር የምትፈልጉ፣ የከበዳችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ካሰብኩት በላይ መጣ። ከሌሊት ሺፍት ስወጣ ተራ በተራ አነበብኩት።

እኔ የምሠራው ሜሪላንድ ነው። አሜሪካ ስመጣ በሲኤንኤነት (በነርስ ረዳትነት) ጀመርኩ። በኮሚኒቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመቱን የነርሲንግ ዲግሪ ይዤ አርኤን (ፈቃድ ያለኝ ነርስ) ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ። የምመልሰው በአብዛኛው ስለ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ አካሄዱ ተመሳሳይ ነው፤ ዝርዝሩን ግን ከራሳችሁ ኮሌጅ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ኮሌጁ ተቀብሎኝ መታወቂያ ሁሉ ሰጥቶኛል። ነርሲንግ ገባሁ ብዬ ለቤተሰብ ነግሬ ነበር። አሁን ደግሞ «ገና አልገባሽም» አሉኝ። እንዴት ነው ነገሩ?

እህቴ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚደናገረው። የኮሚኒቲ ኮሌጅ በር ክፍት ነው። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሁሉ ይመዘገባል። የነርሲንግ ፕሮግራሙ ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ያለ ሌላ በር ነው፤ በውድድር ነው የሚገባው። ቦታው ጥቂት የሆነው ተማሪ ለማብዛት ስላልፈለጉ አይደለም። ሆስፒታል ገብተሽ ታካሚ ላይ ስትለማመጂ አንድ አስተማሪ ሊከታተል የሚችለው ጥቂት ተማሪ ብቻ ነው። አስተማሪውም፣ ተማሪ የሚቀበለው ሆስፒታልም እንደልብ አይገኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ ፕሪሪኩዚት የሚባሉትን ኮርሶች ትወስጃለሽ። ከዚያ እንደገና ታመለክቻለሽ። ያኔ በውጤት ትወዳደሪያለሽ። ለቤተሰብሽ የነገርሽው ውሸት አይደለም፤ መንገዱን ጀምረሻል።

ጥያቄ፦ ፕሪሪኩዚቶቹ የትኞቹ ናቸው? ሙሉ ጊዜ እየሠራሁ ቶሎ ቶሎ ወስጄ ብጨርሳቸው ምን ይመስልሻል?

ኮሌጅ ከኮሌጅ ይለያያል። ዋና ዋናዎቹ ግን እነዚህ ናቸው፦ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ስታቲስቲክስ ወይም ሌላ ሒሳብ፣ ሳይኮሎጂ። ኬሚስትሪ የሚጠይቅም አለ። ብዙ ቦታ ደግሞ ከአናቶሚ በፊት መግቢያ ባዮሎጂ መውሰድ ግድ ነው።

«ቶሎ ቶሎ» ላልከው፣ ወንድሜ፣ የራሴን ልንገርህ። እኔ ቀን አረጋውያን ቤት እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ሌላ ሥራ አለኝ፤ ማታ አናቶሚ እማራለሁ። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እያዳፋኝ ነበር የምማረው። ሲ አመጣሁ። አለፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። ሳመለክት ግን አልተጠራሁም። ሲ ለማለፍ ይበቃል፤ ለመወዳደር አይበቃም። ኮርሱን ደግሜ ኤ እስካመጣ ድረስ አንድ ዓመት ሄደ። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለግንቦት 2024 ያወጣው የአርኤን መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 93,600 ዶላር ነው። በዚያ ሴሚስተር ኦቨርታይም ሠርቼ ያገኘሁት ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

ስለዚህ በአንድ ሴሚስተር አንድ የሳይንስ ኮርስ ብቻ ውሰድ። አናቶሚንና ማይክሮባዮሎጂን ከሙሉ ጊዜ ሥራ ጋር አንድ ላይ አትጫን። በመሃል ፈተናው ካልሆነልህ፣ የመተዊያው ቀን ሳያልፍ አማካሪህን አነጋግር። ኮርሱን ስትተው የሚሰጥህ ደብሊው ጂፒኤህን አይነካም፤ ሲ ወይም ዲ ይነካል። ደብሊው ሲበዛ ግን የገንዘብ ድጋፍህን ሊያስቆርጥ ይችላል። ኮርስ ስንት ጊዜ መድገም እንደሚፈቀድም ቀድመህ ጠይቅ፤ ገደብ ያላቸው አሉ።

አጠናኑን ደግሞ፣ እኔን የረዳኝ በአማርኛ ማስረዳት ነው። እናቴ ጋ ደውዬ «ከሰውነት የተመለሰው ደም በልብ በቀኝ በኩል ይገባል፤ ወደ ሳንባ ሄዶ ኦክስጅን ይዞ በግራ በኩል ይመለሳል፤ ከዚያ ወደ መላው ሰውነት ይረጫል» እላታለሁ። እሷ ገብቷት መልሳ ከጠየቀችኝ፣ እኔም ገብቶኛል ማለት ነው። ስሞቹን በእንግሊዝኛ መያዝ ከዚያ በኋላ ይቀላል።

ጥያቄ፦ ነርሲንግ ለመግባት የምንፈተነው የቲስ ፈተና ከባድ ነው?

ካልተዘጋጁበት አዎ። አሁን ያለው ሰባተኛው እትም ነው። 170 ጥያቄ በ209 ደቂቃ። አራት ክፍል አለው፦ ንባብ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ። ትልቁ ሳይንሱ ነው፣ 50 ጥያቄ። ትልቁ ድርሻ ከአናቶሚና ፊዚዮሎጂ ስለሚመጣ ኮርሱን ጨርሰሽ ሳይቀዘቅዝ ብትፈተኚ ይሻላል። ሒሳቡ ክፍልፋይ፣ ፐርሰንት፣ መለኪያ መቀየር ነው፤ አገር ቤት የተማርነው ብዙ ያግዛል። እኛን የሚጎዳን ሰዓቱ ነው። እንግሊዝኛው 37 ጥያቄ በ37 ደቂቃ ነው። ቤትሽ ሰዓት ይዘሽ ተለማመጂ። ኮሌጅሽ የሚቀበለው ቲስን ይሁን ሄሲ የሚባለውን፣ ስንት ጊዜ መፈተን እንደሚቻልም አስቀድመሽ እወቂ።

ጥያቄ፦ የ51 ዓመት ሰው ነኝ። ዲሲ ታክሲ እነዳለሁ። ረፍዶብኛል?

ጋሼ፣ አልረፈደብዎትም። የዕድሜ ገደብ የለም። ወገብዎን ግን ያስቡበት። ሥራው ቆሞ መዋልና ሰው ማንሳት ነው። መጀመሪያ ሲኤንኤ ኮርስ ወስደው ይሞክሩት፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ራስዎ ያውቁታል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ። ከዜሮ ነው የምጀምረው?

ሙሉ በሙሉ አይደለም። ትራንስክሪፕትሽን እንደ ደብሊውኢኤስ ወይም ኢሲኢ ባለ ድርጅት ታስገመግሚያለሽ። «ኮርስ በኮርስ» የሚባለውን ዓይነት ጠይቂ፤ አጭሩ ለክሬዲት ዝውውር አይጠቅምሽም። ሒሳብና ማኅበራዊ ሳይንስ ሊያልፍልሽ ይችላል። የሳይንስ ኮርስ ግን በብዙ ኮሌጆች ዓመታት ካለፉት አይቆጠርም። ዩኒቨርሲቲሽ ወረቀቱን በራሱ እንዲልክ ስለሚጠየቅ፣ አገር ቤት የሚሮጥልሽ ሰው አሁኑኑ ፈልጊ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አገር ቤት ነርስ ሆነው ሠርተው እዚህ እንደገና ከመጀመሪያው ኮሌጅ የሚገቡ ሰዎች አውቃለሁ። በጣም ያሳዝነኛል። የነርሲንግ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የስቴታችሁን የነርሲንግ ቦርድ ጠይቁ። ሲጂኤፍኤንኤስ ይባል የነበረው፣ አሁን ትሩሜሪት የተባለው ድርጅት ከ1977 ጀምሮ የውጭ አገር ነርሶችን ትምህርት ይገመግማል። ትምህርታችሁ ካሟላ በቀጥታ ኤንክሌክስ ለሚባለው የነርስነት ፈቃድ ፈተና ልትቀመጡ ትችላላችሁ። የሚጎድል ኮርስ ካለም እሱን ብቻ ማሟላት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ገንዘቡስ? ያለ ብድር ይቻላል?

ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የጨረስነው። መጀመሪያ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ሙሉ። በዲቪ መጥታችሁ ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ አሳይለም የተፈቀደላችሁ፣ በስደተኛነት የገባችሁ መሙላት ትችላላችሁ። አሳይለማችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ወይም ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የከለላ ፈቃድ) ብቻ ካላችሁ የፌዴራሉ ድጋፍ አይሰጣችሁም፤ የኮሌጁን የራሱን ስኮላርሺፕ ጠይቁ። ፔል ግራንት የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ በ2025–26 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። በመጀመሪያ ሙከራ «አይገባኝም» ብላችሁ አትተዉት።

ሜሪላንድ ያላችሁ አድራሻችሁን ልብ በሉ። የኮሌጁ ካውንቲ ነዋሪ የሚከፍለው ትንሹን ነው፤ ከሌላ ካውንቲ ሲመጡ ይጨምራል፤ ከሌላ ስቴት ደግሞ የባሰ ነው። ሆስፒታል የምትሠሩ ከሆነ፣ ጽዳትም ሆነ ምግብ ክፍል፣ የትምህርት ድጋፍ እንዳለ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ክሊኒካል (የሆስፒታል ልምምድ) ሳልወጣ በአጭር ጊዜ የነርስ ዲፕሎማ አሰጥሃለሁ አለኝ። ብዙዎች በዚህ አልፈዋል ይላል።

ወንድሜ፣ በእግዚአብሔር ስም እለምንሃለሁ፣ እንዳትነካው። በጥር 2023 የአሜሪካ መንግሥት «ኦፕሬሽን ናይቲንጌል» ብሎ ያካሄደውን ምርመራ ይፋ አድርጎ ነበር። ፍሎሪዳ ውስጥ ከነበሩ ሦስት የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት ዲፕሎማ ተሽጧል። ሻጮቹ ተከሰሱ። ዲፕሎማውን ከገዙት ውስጥም ፈተናውን አልፈው ሥራ ይዘው የነበሩ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። ገንዘቡም ስሙም ይጠፋል። ከሁሉ በላይ ግን አልጋው ላይ የተኛው ሰው አለ። መድኃኒት ስትሰጠው አምኖህ ነው የሚውጠው።

ለየትኛውም ትምህርት ቤት ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት በስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ የጸደቀ መሆኑን እይ። ዝርዝሩ በነጻ ይገኛል። ቀጥሎ እንደ ኤሲኢኤን ያለ የነርሲንግ እውቅና ሰጪ ያወቀው መሆኑን አረጋግጥ። ሁለቱም ከሌሉት ውጣ።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመቱና የአራት ዓመቱ ዲግሪ ልዩነቱ ምንድን ነው? «ኮሚኒቲ ኮሌጅ ዝቅ ያለ ነው» ይሉኛል።

ፈተናው አንድ ነው፣ ፈቃዱም አንድ ነው። ሁለቱም ኤንክሌክስ ይፈተናሉ፤ ሁለቱም አርኤን ይባላሉ። የሁለት ዓመቱ መንገድ የተጀመረው በ1952 ነው። ሚልድረድ ሞንታግ የምትባል የነርሲንግ መምህርት ያቀረበችው ሐሳብ ነበር፤ ያኔ የነርስ እጥረት ነበር። ብዙ ትልልቅ ሆስፒታሎች ባችለር ይመርጣሉ፤ ይህ እውነት ነው። ኒውዮርክ በ2017 ባወጣው ሕግ አዲስ አርኤኖች በ10 ዓመት ውስጥ ባችለር እንዲይዙ ግድ አድርጓል። ግን አርኤን ሆነሽ እየሠራሽ፣ አሠሪሽ እየከፈለልሽ፣ በኦንላይን ባችለሩን መጨረስ ትችያለሽ። እኔም እንደዚያው ነው ያደረግኩት።

ጥያቄ፦ የክትባት ወረቀት የለኝም። የቲቢ ምርመራዬም ፖዘቲቭ አለ። አለቀልኝ?

አላለቀልሽም፤ አትደንግጪ። ብዙዎቻችን ልጅ ሳለን ቢሲጂ የሚባለውን የቲቢ ክትባት ተከትበናል። ክንድ ላይ የሚደረገው የቲቢ ምርመራ በዚያ ክትባት ምክንያት ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። በደም የሚሠራውን ጠይቂ፤ ቢሲጂ አይነካውም። እሱም ፖዘቲቭ ካለ ሐኪም ራጅ አንስቶ ይከታተልሻል፤ ከፕሮግራሙ አያባርርሽም። ለኩፍኝ፣ ለጉድፍና ለሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ወረቀት ከሌለሽ የመከላከል አቅምሽ በደም ይለካል። ሄፓታይተስ ቢ ሦስት ዙር ሆኖ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል እስክትጠሪ አትጠብቂ።

ጥያቄ፦ ከገባሁ በኋላ እየሠራሁ መማር እችላለሁ? ሁለት ልጆች አሉኝ።

በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሺፍት፣ አዎ። ሙሉ ጊዜ አልመክርሽም። የክሊኒካል ቀን ጎህ ሳይቀድ ነው የሚጀመረው፤ ያን ቀን ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው አሁን አዘጋጂ። ማለፊያውም እንደሌላ ትምህርት አይደለም፤ ብዙ ፕሮግራም ከ75 በታች ይጥላል፣ ከዚያ ከፍ የሚያደርገውም አለ። የመድኃኒት መጠን ስሌት ፈተና ላይማ 90 ወይም ከዚያ በላይ የሚሉ አሉ።

እኛ ሐበሾችን የሚከብደን ጥያቄው ነው። ሸምድደን ነው ያደግነው። እዚህ አራቱም ምርጫ ትክክል ይሆንና «መጀመሪያ የትኛውን ታደርጊያለሽ?» ይልሻል። መተንፈስ ያቃተው ይቀድማል ወይስ ሕመም ያለበት? ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረሽ እንደዚያ ዓይነት ጥያቄ ሥሪ። ሌላው ይሉኝታ ነው። አስተማሪዋ ቢሮ ሄዶ «አልገባኝም» ማለት ነውር ይመስለናል። ሂጂ። እኔ የሄድኩት ሁለት ፈተና ከወደቅኩ በኋላ ነው፤ ያዳነችኝም እሷ ናት።

ጥያቄ፦ ሁለት ጊዜ አመልክቼ አልተቀበሉኝም። ልተወው?

አትተዪው። ያመለከትሽው አንድ ቦታ ብቻ ነው? ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ነርሲንጉ ታኮማ ፓርክ/ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ፕሪንስ ጆርጅስ ላርጎ ነው፤ ሃዋርድ ኮሎምቢያ ነው፤ ወንዙን ተሻግረሽ ቨርጂኒያ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) ስፕሪንግፊልድ አለ። ሁሉም የሚጠይቁት ትንሽ ትንሽ ስለሚለያይ ለእያንዳንዱ የኮርስ ዝርዝር ይዘሽ አስተያዪ። ሌላው መንገድ ኤልፒኤን (ከአርኤን አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ፈቃድ ያለው ነርስ) ሆኖ እየሠሩ ወደ አርኤን መሸጋገር ነው።

በመጀመሪያ ግን አማካሪሽን «ነጥቤ የት ላይ ነው የጎደለው?» ብለሽ ቀጠሮ ይዘሽ ጠይቂያት። የቲስ ውጤት ከሆነ በወራት ይስተካከላል። አንድ ሲ ከሆነ ያንን ኮርስ ብቻ ትደግሚያለሽ። የነገረችሽን ጻፊልኝ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጻ ነኝ፣ ቁጭ ብለን አብረን እናየዋለን።