በጡቡ መካከል የበቀለችው ሽታማ ተክል

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜልቦርን ነው። በጋ በመጣ ቁጥር፣ በጓሮዬ የጡብ ንጣፍ ስንጥቅ ውስጥ መሬት ለመሬት የምትሰፋ፣ ቅጠሏ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ተክል ትበቅላለች። ሲያሿት ሽታዋ ኃይለኛ ነው፤ በልጅነቴ ደጋ አገር የማውቀውን አንድ አረም ያስታውሰኛል። ጎረቤቴ የአውስትራሊያ አገር በቀል ናት፣ ከአሉማም ጋር ትዛመዳለች ይላሉ። እንዴት ላረጋግጥ? ለወጥስ ትሆናለች?

መልስ፦ ጎረቤትዎ የተሳሳቱ አይመስለንም። አገላለጽዎ የሚስማማው ዲስፋኒያ ከሚባለው ወገን ጋር ሲሆን፣ ይህም የአሉማ ቤተሰብ አባል ነው። ወገኑን እ.ኤ.አ. በ1810 የሰየመው የእጽዋት ሊቅ ሮበርት ብራውን ነበር፤ ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሆኖ «በግልጽ የማይታይ» እንደማለት ነው፤ አበቦቹን ላየ ሰው ስያሜው የተገባ ነው። የሽታው ትዝታም አላታለለዎትም፤ ዲስፋኒያ ሽራደሪያና የምትባለው ዘመዷ በኢትዮጵያም ትበቅላለች።

በመጀመሪያ የቅጠሉን ጀርባ በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። ቢጫ ሆነው የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን እጢዎች ካዩ፣ የሽታው ምንጭ እነርሱ ናቸው። ከእጢ ይልቅ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ብናኝ ካገኙና ሽታው ደካማ ከሆነ ግን፣ በእጅዎ ያለው እኛ አመድማዶ ከምንለው ተክል ወገን ከቼኖፖዲየም ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ዲስፋኒያዎች ለረጅም ጊዜ ከቼኖፖዲየም ወገን ይመደቡ ስለነበር፣ በድሮ መጻሕፍት በዚያ ስም ተጠርተው ቢያገኟቸው አይደናገሩ።

ዝርያውን መለየት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቅጠሉ ቅርጽ ሲፈርድ ነው፤ ቅጠል በእርጥበትና በመሬቱ ለምነት ይለዋወጣል፣ የበሰለ ፍሬ ግን እምብዛም አይዋሽም። ስለዚህ በቅጠሎቹ ብብት ያሉት ድብልብል የአበባ ጉብጉቦች ፍሬ እስኪይዙ ይጠብቁ፤ ከዚያም ከአንድ ሚሊ ሜትር የምታንሰውን ዘር ያቀፉትን ቅርፊቶች ጀርባ ይመርምሩ። ጀርባቸው ደንደን ብሎ ክብ ከሆነና ሸንተረር ከሌለው ተክሏ ዲስፋኒያ ፑሚሊዮ ናት፤ በከተማ ጓሮ ከሁሉ ይልቅ የምትጠበቀውም እርሷ ስትሆን፣ ከአውስትራሊያ ወጥታ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሳይቀር አረም ሆናለች። ሸንተረር ቆሞ ካዩ ካሪናታ ናት። ሸንተረሩ ጫፉ ተሸራርፎ እንደ ወፍ ጉትያ ከሆነ ደግሞ ክሪስታታ ትባላለች። ፍሬዋ የሚጠቁረው ሜላኖካርፓ የደረቁ የመሀል አገር ክፍሎች ተክል በመሆኗ በሜልቦርን ጓሮ አንጠብቃትም። ተክሏ ቀጥ ብላ አንድ ሜትር ያህል የምትረዝም ብትሆን ኖሮ ግን አገር በቀል መሆኗን እንጠራጠር ነበር፤ ከአሜሪካ የገባችው ዲስፋኒያ አምብሮሲዮይደስ እንዲያ ናት።

ስለ ወጡ፣ እባክዎ አይሞክሩት። በመካከለኛው አውስትራሊያ በረሃ የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች የአንዳንድ ዝርያዎችን ዘር ፈጭተው ይመገቡ እንደነበር እርግጥ ነው፤ ይህ ግን ስለ ዘሩ እንጂ ስለ ቅጠሉ አይደለም፤ አንዳንዶቹ ዝርያዎች ሳያናይድ የሚያመነጩ በመሆናቸው ከብቶችን መርዘዋል።

ጥርጣሬ ከቀረዎት፣ ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ እንዲደርቅ አድርገው፣ የተገኘበትን ቦታና ቀን ጽፈው፣ እዚያው ከተማዎ ለሚገኘው የቪክቶሪያ ብሔራዊ የእጽዋት ማከማቻ ቢያሳዩ ይሻላል። ፎቶግራፍ ብቻውን የቅርፊቱን ጀርባ አያሳይም።