መልስ፦ በረዶ ግድብን የሚገፋበት ኃይል እንዴት ይለካል?

ወንድሜ፣ «መጽሐፉ ላይ በአንድ ሜትር የግድብ ርዝመት 150 ኪሎ ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) የበረዶ ጭነት ይላል፤ በምን ተለካ? ለቆቃስ እናስገባዋለን?» ብለህ ጠይቀሃል። ለቆቃ አናስገባም፤ እዚህ አዳማ አጠገብ ውሃው ረግቶ በረዶ አይሆንም። የካናዳን ዓይነት ክረምት ለሚያይ ግድብ ግን የግድ ነው።

ብዙ ሰው ግፊቱ ውሃ ሲረጋ በመስፋቱ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። ዋናው ግን የረጋው በረዶ መልሶ ሲሞቅ ነው። ብርዱ ሲጠና በረዶው ተኮማትሮ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ውስጥ ውሃ ገብቶ ይረጋል። ከዚያ ሲሞቅ መላወሻ የለውም። 100 ሜትር በረዶ 10 ዲግሪ ቢሞቅ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ልርዘም ይላል፤ በአንድ በኩል ዳርቻው፣ በሌላው ግድቡ ይይዘዋል። የውሃው ከፍታ መውጣትና መውረድም ግፊቱን ያባብሰዋል።

መለኪያው ሁለት ስስ የብረት ሳህኖች ዙሪያቸውን ተበይደው፣ መሃላቸው ዘይት የተሞላበት ነው። በረዶው ሲጫነው የዘይቱ ግፊት ይነበባል። በተለያየ ጥልቀት ደርድረህ፣ አጠገባቸው ቴርሞሜትር አድርገህ፣ በረዶው ውስጥ እንዲረጉ ትተዋቸዋለህ። አማካዩ ግፊት 200 ኪሎ ፓስካል (በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ኒውተን ማለት ነው)፣ የበረዶው ውፍረት 0.6 ሜትር ቢሆን፣ በሜትር 120 ኪሎ ኒውተን ታገኛለህ። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፦ መለኪያው ከበረዶው ይልቅ ግትር ከሆነ ግፊቱን ወደ ራሱ ስቦ አጋኖ ያሳይሃል።

150 ትንሽ እንዳይመስልህ። 20 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ በሜትር 1,960 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይገፋል፤ ግን ከታች አንድ ሦስተኛው ላይ ነው። በረዶው የሚገፋው አናቱን ስለሆነ፣ ግድቡን ለመገልበጥ የውሃውን ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይጨምራል።