ጋሼ፣ ከየት ነው የሚያነቡት?

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ለተግባር ልምምድ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ከየት ነው የሚያነቡት? እኔ ቀኑን ሙሉ ስልኬ ላይ ነኝ። ማታ ግን ምን እንዳነበብኩ አላስታውስም» አለኝ። በአጭሩ መለስኩለት። ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ። የጂኦግራፊ መምህሬን አስታወሰኝ።

ደሴ ነው ያስተማሩኝ። ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ድረ ገጽ ከፈተችላቸው። እሳቸው በእጃቸው ይጽፋሉ፣ እሷ ትተይባለች። አብዝተው የሚጽፉት ስለ ቦርከና ነበር። ወንዙ ከኩታበር በኩል ተነስቶ እንዴት ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወርድ፣ በክረምት የትኛው ዳር እንደሚሸረሸር፣ ድሮ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ድንጋይ የት እንደነበር። አንዱ ጽሑፋቸው ስለ ሐረጎ ጉም ብቻ ነው። ጉሙ ሲወርድ ሾፌሮች በጥሩምባ እንዴት እንደሚነጋገሩ ጽፈዋል። እኔ በዚያ ዳገት ለሥራ ስመላለስ ኖሬ ልብ ያላልኩትን ነገር።

ያኔ የመረጥናቸውን ድረ ገጾች አዳዲስ ጽሑፎች አንድ ቦታ የሚሰበስብ፣ ጎግል ሪደር የሚባል ማንበቢያ ነበር። ኢንተርኔት ካፌ ገብቼ ስከፍተው የመምህሬ አዲስ ጽሑፍ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ሰኔ 24 ቀን 2005 ዓ.ም. ተዘጋ። ሁላችንም ወደ ፌስቡክ ዞርን። የመምህሬ ጽሑፍ እዚያ አልመጣም። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ መጻፉን ትተውታል ብዬ አሰብኩ።

ከዓመታት በኋላ አረፉ። ለቅሶ ልደርስ ደሴ ወጣሁ። ድንኳኑ ውስጥ ከልጃቸው ጎን ተቀምጬ «መጻፉን ቶሎ መተዋቸው ይቆጨኛል» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «አባባ እስከ መጨረሻው ጽፈዋል እኮ። ተማሪዎቼ ሰለቹኝ መሰለኝ ይሉ ነበር» አለችኝ።

ሌሊቱን ሙሉ ስልኬ ላይ አነበብኳቸው። በአንዱ ጽሑፍ ክፍላችን ሐይቅ የሄደበትን ቀን ያነሳሉ። ከታንኳ ላይ ድንጋይ በገመድ አስሮ ጥልቀቱን ሊለካ የሞከረው ልጅ ዛሬ የት ይሆን ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ነበርኩ።

ወደ ተማሪው ጥያቄ ልመለስ። የምጠቀምበት ነገር አርኤስኤስ ይባላል። በ1999 እ.ኤ.አ. ኔትስኬፕ በሚባል የኢንተርኔት ማሰሻ ድርጅት ውስጥ የተጀመረ ነው። ድረ ገጹ የአዳዲስ ጽሑፎቹን ርዕስና አድራሻ በትንሽ ፋይል ያስቀምጣል። ስልካችሁ ላይ ያለው ማንበቢያ ፋይሉን እየሄደ ያያል፣ አዲስ ካለ ያመጣል። በቃ። ላይክ የበዛለት አይቀድምም። የመረጣችሁት ሁሉ በቀኑ ተራ ይደርሳችኋል። ፖድካስትም የሚሰራጨው በዚሁ መንገድ ነው። ፊድሊ ወይም ኢኖሪደር በሚባሉ ማንበቢያዎች ላይ በነፃ መጀመር ይቻላል። ማንበቢያው ገጹን አላገኝም ካላችሁና ገጹ ዎርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የተሠራ ከሆነ፣ አድራሻው መጨረሻ ላይ እዝባር አድርጋችሁ «ፊድ» (feed) የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጨምሩበት።

አባቴ ማታ ማታ የጀርመን ድምፅን ሰዓት ጠብቆ ይከፍት ነበር። ሲያልቅ ይዘጋና ስለሰማው ያወራናል። የዛሬ ልጆች እንዲህ ያለ መዝጊያ የላችሁም። ርዕሱን አይታችሁ ሼር ታደርጋላችሁ፣ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሳትደርሱ ጣታችሁ ይንሸራተታል። ጊዜ የለንም ስትሉኝ አላምናችሁም። ያም ሆኖ እኛ ለአንድ ገጽ ካፌ እንሰለፍ ነበር፣ እናንተ በኪሳችሁ ይዛችሁታል። ከእኛ በላይ ማንበብ ትችላላችሁ።

ቴሌግራምን አጥፉት ልላችሁ ነበር። ግን የእድሩን መልእክት የማገኘው እኔም በእሱ ነው። ይቆይ፣ ድምፁን ብቻ ዝጉት።

ስትጀምሩ ብዙ አትሰብስቡ። በየደቂቃው የሚያወጣ የዜና ገጽ ካስገባችሁ ቀስ ብሎ የሚጽፈውን ሰው ይውጠዋል። እኔ ዜናውን ለብቻው አድርጌ፣ በወር አንዴ የሚጽፉትን ከላይ አስቀምጫለሁ። መጀመሪያ የምከፍተው እነሱን ነው። ጽሑፉ ደስ ካላችሁ ለጸሐፊው አንድ መስመር ላኩለት። ዝርዝራችሁንም አልፎ አልፎ በፋይል አውርዱት። ኦፒኤምኤል ይባላል። የምትጠቀሙበት ማንበቢያ ነገ ቢዘጋ ያንን ፋይል ሌላው ላይ መጫን ብቻ ነው።